ያዘነችው ከበሮ ትመታለች



እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1989 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፕሪንሰስ ፕሪንሰስ የተባለ የአምስት ሴቶች የጃፓን ሮክ ባንድ አንድ ነጠላ ዜማ ለገበያ አቀረበ። መሪው ዘፈን «ዳይመንድስ» ይባላል፤ ፈጣን፣ የሚያስጨፍር፣ ገና ብዙ ነገር የሚያምራት ወጣት ዘፈን ነው። ዓመቱ ሲያልቅ በጃፓን የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛ የወጣውም የዚሁ ባንድ ሌላ ዘፈን ነበር። እኔ ዛሬ የማተኩረው ግን አንደኛ በወጣው ላይ አይደለም፤ ከእሱ ጋር ተዳብሎ በተሸጠው ላይ ነው። «ኤም» ይባላል። የተለየችውን ሰው አድራሻ ከማስታወሻ ደብተሯ ለመሰረዝ እጇ አልታዘዝ ያላት ሴት ታሪክ ነው። በፒያኖ ለስለስ ብሎ ይጀምርና ባንዱ በሙሉ እስኪገባበት ድረስ እያደገ ይሄዳል። ተደራቢ ሆኖ የወጣው ይህ ዘፈን ለዓመታት በካራኦኬ ቤቶች ከመሪው ባልተናነሰ ሲዘፈን ኖሯል። ግጥሙን የጻፈችው ድምፃዊቷ አይደለችም፤ የባንዱ ድራመር ኪዮኮ ቶሚታ ናት፣ ያውም ከራሷ የፍቅር መለያየት ተነሥታ። ዜማውን የሠራችውና የዘፈነችው ካኦሪ ኦኩይ ናት። እንግዲህ መድረኩን በዓይነ ሕሊናችን እንየው። ነገሩ የደረሰባት ሴት ከኋላ ተቀምጣ ከበሮ ትመታለች፤ ከፊት ቆማ ያንን ሐዘን የምትናገርላት ጓደኛዋ ናት። የባለታሪኳ እጅና እግር ሥራ ይዟል፤ እሷ ምቱን ከሳተች አምስቱም ይወድቃሉ።

የምከራከርለት ሐሳብ ከዚህ አቀማመጥ የሚነሣ ነው። የጃፓን ሴት ሮክ ባንዶች ምሬትና ጣፋጭነትን አንድ ላይ የያዙ ዘፈኖች በመላው ዓለም ወዳጅ አፍርተዋል። ምሬቱ ከቃሉ እንደሚመጣ ማንም አይስተውም። ጣፋጩ ግን፣ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው፣ ያለፈ ነገር ሲታወስ ስለሚያምር የመጣ አይመስለኝም። ከአብሮ መጫወት የመጣ ነው። ቃሉ ሰው ያጣች ሴት ቃል ነው፤ ድምፁ ሰው ያላት ሴት ድምፅ ነው። ሁለቱ በአንድ ዘፈን ውስጥ፣ በአራት ደቂቃ፣ ሳይታረቁ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ይህ ምን ያህል አዲስ እንደነበር ለማየት፣ ከዚያ በፊት በጃፓን ዘፈን ውስጥ የሴትን ሐዘን ማን ይጽፈው እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል። ኤንካ የሚባለው፣ በዕድሜ የገፉ ጃፓናውያን አጥብቀው የሚወዱት የዘፈን ዓይነት፣ ሐዘንተኛ ሴት ጠፍታበት አታውቅም። ወደብ ላይ የምትጠብቅ፣ መጠጥ ቤት ብቻዋን የተቀመጠች፣ በሌሊት ባቡር የምትሄድ ሴት ሞልታለች። ሳዩሪ ኢሺካዋ በ1977 ዝነኛ ያደረጋት ዘፈን ከቶኪዮ ተነሥታ የፁጋሩን የባሕር ሰርጥ በመርከብ ስለምትሻገር ብቸኛ ሴት ነው። እጅግ ያማረ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ግጥሙ የዩ አኩ፣ ዜማው የታካሺ ሚኪ ነው፤ ሁለቱም ወንዶች ናቸው። በ1980ዎቹ የወጣቶች ጣዖት የነበረችው ሴይኮ ማትሱዳም ስመ ጥር ዘፈኖቿን በአብዛኛው ያገኘችው ታካሺ ማትሱሞቶ ከተባለው ገጣሚ ነው። ወንድ የሴትን ስሜት ሊጽፍ አይችልም ማለቴ አይደለም፤ እነዚህ ሁለት ገጣሚያን የሙያው ቁንጮዎች ነበሩ። ልዩነቱ ሌላ ነው። እንዲህ ባለው ዘፈን ሴቲቱ ሐዘኗን ተሸክማ ብቻዋን ትቆማለች፤ ከጀርባዋ ያለው ኦርኬስትራ ማንነቱ የማይታወቅ ቅጥር ነው፤ እሷን አያውቃትም። «ግን ዩሚ አራይ፣ ግን ሚዩኪ ናካጂማ» የሚል አድማጭ ይኖራል፤ ልክ ነው። ሁለቱም ከ1970ዎቹ ጀምሮ የራሳቸውን ግጥም በራሳቸው ዜማ የዘፈኑ ታላላቅ ሴቶች ናቸው፤ ብዕሩን ከወንዱ እጅ የወሰዱት እነሱ ናቸው። ብቸኝነቱን ግን አልነኩትም፤ እንዲያውም አጠለቁት። የናካጂማ ዘፈን ኃይሉ አንዲት ሴት ብቻዋን በመናገሯ ላይ ነው። ባንዶቹ የጨመሩት ያንን ሐዘን ለብዙ ሰው ማከፋፈልን ነው።

ማከፋፈሉ በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። ዘ ራናዌይስ የተባለው የአሜሪካ ሴቶች ባንድ በ1977 ጃፓን ዞሮ ሲጫወት ብዙ ወጣት ሴቶች ጊታር እንዲያነሡ ልባቸውን ቀስቅሷል፤ ዜልዳ የተባለው የሴቶች ባንድ በ1979 ቶኪዮ ውስጥ ተመሠረተ፤ ሾው-ያ የተባለው የሃርድ ሮክ ባንድ ደግሞ በ1987 በሂቢያ መናፈሻ የአየር ላይ መድረክ ሴቶች ብቻ የሚጫወቱበትን የሮክ ድግስ አስጀመረ። ፕሪንሰስ ፕሪንሰስ ራሳቸው በ1983 አንድ የሙዚቃ ኩባንያ ባዘጋጀው ውድድር ተመልምለው የተገናኙ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያ ስማቸውን የሰጣቸው ሌላ ሰው ነው፤ ቆንጆ ሆነው እንዲታዩ እንጂ እንዲጽፉ የጠበቀ አልነበረም። በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ዘፈን ለመቆም ዓመታት ወሰደባቸው። በ1989 በቶኪዮው ኒፖን ቡዶካን ሲጫወቱ በዚያ አዳራሽ የቆመ የመጀመሪያው የሴቶች ባንድ ሆኑ። ጊዜውንም ልብ በሉ፤ ለወንድና ለሴት እኩል የሥራ ዕድል ይሰጥ የሚለው የጃፓን ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ1986 ነው፤ በብዙ መሥሪያ ቤት ግን ሴት ስታገባ ሥራ ትለቃለች የሚለው ልማድ እንዳለ ነበር። አድማጮቻቸው የነበሩት ወጣት ሠራተኞች «ዳይመንድስ»ንም «ኤም»ንም በአንድ ዋጋ ገዙ፤ የተከፈተውንም በር፣ በበሩ ላይ የተለጠፈውንም የመዝጊያ ቀን አብረው እንደመግዛት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያውና በጣም ወደተለመደው ተቃውሞ እንምጣ። «ይህ ሁሉ ሐተታ ምን ያደርጋል? ጃፓናውያን ድሮም አላፊ ነገር ይወዳሉ፤ የቼሪ አበባ በሳምንት የሚረግፍበት አገር ዘፈኑም እንዲሁ ነው» ይባላል። ለዚህ የሚጠራው ምስክር ደግሞ ትልቅ ሰው ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሊቅ ሞቶኦሪ ኖሪናጋ፣ ሙራሳኪ ሺኪቡ የምትባለው የቤተ መንግሥት ሴት ከሺህ ዓመት በፊት የጻፈችውን የገንጂን ታሪክ ሲተነትን፣ የነገሮች አላፊነት በልብ ውስጥ የሚያሳድረው ስስ ስሜት የሥነ ጽሑፍ ሁሉ እምብርት ነው ብሏል። ኖሪናጋን አከብራለሁ፤ ግን ሁሉን የሚያስረዳ ማስረጃ ምንም አያስረዳም። የአገሩ መንፈስ ይህን ዘፈን ከወለደው፣ ለምን የሾው-ያን ቁጣ የሞላበት ጩኸትም ወለደ? ለምን ስለ ጣፋጭ ምግብ የሚዘፍኑ ሴቶችንም ወለደ? ለምንስ ይህ ጣዕም በባንድ ውስጥ ጎልቶ በኤንካ ውስጥ ሌላ መልክ ያዘ? የቼሪ አበባው በሁሉም ራስ ላይ እኩል ይረግፋል።

ከመንፈስ ይልቅ ስለ ድምፅ ማውራት ይሻለናል። እዚህ ላይ ለእኛ ጆሮ ቅርብ የሆነ ነገር አለ። ኤንካና የቀደሙት የጃፓን ዘመናዊ ዘፈኖች የሚጠቀሙበት ቅኝት ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውንና ሰባተኛውን ዘሎ አምስቱን የሚይዝ ነው፤ ሜጀሩም ማይነሩም እኛ ትዝታ ሜጀርና ትዝታ ማይነር ከምንላቸው ጋር በድምፅ ስብስቡ አንድ ነው። የኤንካ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ኢትዮጵያዊ «ይህንስ የት ነው የማውቀው?» ቢል ጆሮው አላታለለውም። በዚህ ተማርኮ የሴት ባንዶቹንም ዘፈን በዚሁ ለማስረዳት የሚቸኩል ግን ይሳሳታል፤ ባንዶቹ በአብዛኛው ሰባቱንም ድምፅ የሚጠቀሙ የሮክ ልጆች ናቸው። የእነሱ መሣሪያ ኮርድ ነው። በጃፓን የፖፕ ሙዚቃ እጅግ የተለመደ፣ ሙዚቀኞቹ «የንጉሥ መንገድ» የሚሉት የኮርድ ቅደም ተከተል አለ፤ በሲ ቢጫወቱት ኤፍ፣ ጂ፣ ኢ ማይነር፣ ኤ ማይነር ነው። ከቤት ውጭ ይጀምራል፤ በሁለተኛው ኮርድ ወደ ቤት የሚገባ ይመስላል፤ ጆሮ ሲን ሲጠብቅ ወደ ማይነሩ ታጥፎ እዚያው ያርፋል። ፈጣን ምትና ጮክ ያለ ጊታር ከላዩ ሲጫን፣ እግር ደስ ብሎት ሲጨፍር ልብ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ይህም ቢሆን የሴቶቹ ብቻ አይደለም፤ ወንዶቹም፣ የካርቱን ፊልም ዜማ ደራሲዎችም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ቅኝቱም ኮርዱም መንገዱን ያሳዩናል እንጂ፣ በመንገዱ ላይ አብሮ የሚሄደው ማን እንደሆነ አይነግሩንም።

አብሮ የሚሄደውን ለማወቅ የጃፓንን ትምህርት ቤት ማየት ያስፈልጋል። የትምህርት ዓመቱ በሚያዝያ ይከፈታል፣ በመጋቢት ይዘጋል። ከክፍል ሰዓት በኋላ ተማሪው በክበባት ይከፋፈላል፤ ከእነዚህ አንዱ ጊታርና ድራም የሚያነሡበት የቀላል ሙዚቃ ክበብ ነው። ብዙ የሴት ባንዶች የተፀነሱት በዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ክበቡ መጨረሻው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ለመግቢያ ፈተና ተብሎ ይለቀቃል፣ በመጋቢት ምረቃ ይመጣል፣ አንዷ ቶኪዮ ስትሄድ ሌላዋ እዚያው ትቀራለች። ስለዚህ ልጆቹ መጀመሪያ የሚማሩት የሚወዱትን ነገር ቀኑ ከተቆረጠለት ሰው ጋር መሥራትን ነው። በሆካይዶ ደሴት ከምትገኘው ከኪታሚ ከተማ የመጡት ዋይትቤሪ የተባለው የሴቶች ባንድ ልጆች ጂተሪን ጂን የተባለውን ባንድ የቀድሞ ዘፈን «ናትሱ ማትሱሪ»ን በ2000 ዳግም ሲጫወቱ ገና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። የበጋ ክብረ በዓል ምሽት ላይ ሳይነገር ስለቀረ ፍቅር የሚያወራውን ዘፈን እንደሩጫ ውድድር አፍጥነው ተጫወቱት፤ የጃፓን በጋ በመጣ ቁጥር እስከ ዛሬ የሚሰማው የእነሱ ነው። በልጅነት ድምፅና በትዝታ ግጥም መካከል ያለው ክፍተት ዘፈኑን ዘፈን አደረገው፤ ገና ያልኖሩትን ናፍቆት አብረው እየሳቁ የሚጫወቱ ይመስላሉ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ከዚህ ይነሣል፤ ዞን የተባለው ባንድ ጉዳይ ነው። ዞንም ከሆካይዶ፣ ከሳፖሮ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ዳንሰኞች ነበሩ፤ መሣሪያ የያዙት በኋላ ነው፤ ባንድም ጣዖትም ተደርገው በኩባንያ የተቀረጹ ናቸው። በነሐሴ 2001 ያወጡት «ሲክሬት ቤዝ» ከአንድ የበጋ ጓደኛ ጋር ተለያይቶ ከአሥር ዓመት በኋላ በነሐሴ ለመገናኘት ስለተገባ ቃል ነው። ግጥሙም ዜማውም የኖሪሂኮ ማቺዳ ነው፤ አዋቂ ወንድ ነው። እንግዲህ ተቃዋሚው ይላል፦ «ያልከው አብሮ የመጫወት ጣፋጭነት የት አለ? ይህ ወጣትነትን ጠቅልሎ የሚሸጥ ንግድ ነው።» ንግድ መሆኑን አልክድም፤ ፕሪንሰስ ፕሪንሰስም ንግድ ነበሩ። ግን ንግዱ ምን እንደሸጠ እንመልከት። ይህንኑ ግጥም አንዲት ልጅ ብቻዋን በኦርኬስትራ ታጅባ ብትዘፍነው ስለጠፋ ጓደኛ የሚያወራ ዘፈን ይሆን ነበር። እኩዮቿ አጠገቧ ቆመው አብረዋት ሲዘፍኑት ግን አድማጩ ሌላ ነገር ያያል፤ የሚለያዩት እነዚህ ራሳቸው እንደሆኑ ይገባዋል። እውነትም ባንዱ በ2005 ተበተነ። በነሐሴ 2011፣ ዘፈኑ ከወጣ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ አባላቱ እንደገና ተሰብስበው መድረክ ላይ ወጡ። ማቺዳ የጻፈውን ቀጠሮ ሊያከብሩት የሚችሉት እነሱ ብቻ ነበሩ፤ ደራሲው ሊያከብርላቸው አይችልም። ብዕሩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ትልቅ ነው፤ ዘፈኑን ማን በዕድሜው ይከፍልበታል የሚለው ግን ከእሱ አያንስም።

ይህን ሁሉ ያለ ኩባንያ ቅርጽ፣ በገዛ እጃቸው የሠሩት ቻትሞንቺ ናቸው፤ ትንሽ ልቆይባቸው። ሺኮኩ ደሴት ላይ ባለችው ቶኩሺማ በ2000 የተጀመረ ባንድ ነው። በሚታወቁበት ቅርጽ ሦስት ነበሩ፤ ኤሪኮ ሃሺሞቶ በድምፅና በጊታር፣ አኪኮ ፉኩኦካ በቤዝ፣ ኩሚኮ ታካሃሺ በድራም። በ2005 በትልቅ ኩባንያ ሥር የመጀመሪያ ሥራቸውን አወጡ። ሦስቱም ግጥም ይጽፉ ነበር፤ የምትዘፍነው አንዷ ነበረች። ይህ የ«ኤም» አቀማመጥ እዚህ ልማድ ሆነ ማለት ነው። በ2008 የወጣውን «ሶማሩዮ»ን ውሰዱ፤ ግጥሙ የፉኩኦካ ነው። ሰውየው ከእሷ አብልጦ ይወደው የነበረውን ሲጋራ፣ ሴቲቱ ከተለያዩ በኋላ በሌሊት መንገድ ላይ ታጨሰዋለች። ሌላ ዘፋኝ ቢያገኘው በቫዮሊን ያጥለቀልቀው ነበር። ቻትሞንቺ ግን አንድ ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ድራም ብቻ ነው ያላቸው፤ ሃሺሞቶ ጊታሯን ስታቆም ባዶ ቦታ ይሰማል፤ በባዶው ቦታ ቤዙ ይቀጥላል። ቤዙን የምትጫወተው ግጥሙን የጻፈችው ናት። ዘፋኟ ዝም ስትል ታሪኩን በጣቶቿ የምታስኬደው ገጣሚዋ መሆኗን ያወቀ አድማጭ፣ ይህ ዘፈን ለምን ሰውን እንደማያደቅቅ ይገባዋል። ታካሃሺ በ2011 ባንዱን ለቃ ጸሐፊ ሆነች። ሁለቱ የቀሩት ሌላ ድራመር ከመፈለግ ይልቅ ፉኩኦካ ራሷ ድራም ላይ ተቀምጣ «ሄንሺን» የተባለውን የ2012 አልበም ሠሩ። የጎደለውን ሰው ቦታ በእንግዳ አለመሙላት የሙዚቃ ውሳኔ ብቻ አይደለም። በአልበሙ ውስጥ የሦስተኛዋ አለመኖር በግልጽ ይሰማል፤ በእኔ ግምት ከሥራዎቻቸው ሁሉ ደፋሩ ይኸው ነው። በሐምሌ 2018 በቡዶካን የመጨረሻውን የራሳቸውን ኮንሰርት አቅርበው፣ በትውልድ አገራቸው በቶኩሺማ ተሰናብተው ጨረሱ።

ሐሳቤን ካልጠበቅኩት ወገን የሚደግፍልኝ ምስክር ደግሞ አለ፤ የሌሉ ባንዶች። በ2009 የጀመረው «ኬ-ኦን!» የተባለው የካርቱን ፊልም የአንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ታሪክ ነው፤ በመጨረሻው አራቱ ተመራቂዎች ለምትቀረው ታናሻቸው የጻፉላትን ዘፈን ይጫወቱላታል። በ2022 የወጣው «ቦቺ ዘ ሮክ!» ደግሞ በቶኪዮ የሺሞኪታዛዋ ሰፈር ትናንሽ የሙዚቃ ቤቶች ውስጥ የሚካሄድ ነው። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ሰው ማየት የሚያስፈራት ጊታሪስት ናት፤ ከብቸኝነቷ ግጥም ትጽፋለች፤ የምትዘፍነው ግን እሷ አይደለችም፣ ተግባቢዋና ሳቂታዋ ጓደኛዋ ናት። የፊልሙ ዘፈኖች በሙያተኞች የተሠሩ ናቸው፤ አልበሙም ሠንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጥቷል። ልብ ያልኩት ነገር ይህ ነው፦ ሠሪዎቹ ዘፈኖቹን ብቻቸውን ለመልቀቅ አልደፈሩም። አራት ልጆች ልምምድ ክፍል ውስጥ ሲሳሳቱ፣ ገንዘብ ሲያጡ፣ አንዷ ሌላዋን ስትጠብቅ የሚያሳዩ ሰዓታት አስፈለጓቸው። በእውነተኛ ባንድ ውስጥ ድምፁ ራሱ የሚናገረውን ጓደኝነት፣ በሌለ ባንድ ውስጥ በሥዕል ማሟላት ግድ ሆነ።

አፍራሽ ምሳሌዎችን መደበቅ አይገባኝም። ሾነን ናይፍ የኦሳካ ባንድ ነው፤ በ1981 ናኦኮ ያማኖ ከእህቷ ከአትሱኮና ከጓደኛቸው ከሚቺዬ ናካታኒ ጋር መሠረተችው፤ በ1991 ከኒርቫና ጋር በእንግሊዝ ዞረው ተጫውተዋል። ዘፈናቸው ስለ አይስክሬም፣ ስለ ከረሜላ፣ ስለ እንስሳት ነው። ምሬት የለበትም ማለት ይቻላል፤ አብሮ የመጫወት ደስታው ግን ሞልቶ ይፈሳል። ይህ ሐሳቤን ያፈርሰዋል? እኔ እንደሚያጸናው አያለሁ፤ ጣፋጩ ያለ ምሬቱ ብቻውን ሊቆም እንደሚችል፣ ምንጩም ትዝታ እንዳልሆነ ያሳያል። ስለ አይስክሬም በሚዘፈን ዘፈን ውስጥ ምን ትዝታ አለ? በሌላው ጫፍ ደግሞ ዮኒጌ የተባለው የኦሳካ አካባቢ ባንድ አለ፤ በ2015 የወጣው «አቮካዶ» በመለያየት ጠብ መካከል አቮካዶ ስለምትወረውር ሴት ነው። መራራ ነው፣ ያስቃልም። ሴቶች ሲያዝኑ ብቻ ይወደዳሉ፣ ለምን አይቆጡም የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ቁጣው ግን አለ። ብዙ ጊዜ ከአዳራሹ ይልቅ በትናንሽ የሙዚቃ ቤቶች ስለሚሰማ ብዙዎች አልደረሱበትም።

የሚቀረው የወንዶቹ ጥያቄ ነው። ወንድ ባንዶችም በጓደኝነት ይጫወታሉ፣ እነሱም ስለ መለያየት ይዘፍናሉ፤ የሴቶቹን ለብቻ ነጥሎ ማውራት ምን ይባላል? መልሴ ጊዜ ነው። በ2023 ጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ ስካንዳል የተባለውን የኦሳካ ባንድ ሳይቀየሩ ለረጅም ጊዜ አብረው በመቆየት ከሴት ሮክ ባንዶች ሁሉ ቀዳሚ ብሎ መዘገበው። አራቱ ሴቶች በ2006 በአንድ የዳንስና የድምፅ ትምህርት ቤት ተገናኝተው በኦሳካ ቤተ መንግሥት መናፈሻ ውስጥ በመጫወት የጀመሩ ናቸው። ክብረ ወሰኑ 17 ዓመት ነበር። ዚዚ ቶፕ የተባለው የአሜሪካ ወንዶች ባንድ ሦስቱ አባላቱ ሳይለወጡ ከ50 ዓመት በላይ ተጫውተዋል። 17 እና 50፤ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ጋብቻ አለ፣ ልጅ ማሳደግ አለ፣ «መቼ ነው የምታቆሙት?» የሚል የጋዜጠኛ ጥያቄ አለ፣ ወጣትነቷ ካለፈ አንቀበላትም የሚል ገበያ አለ። ወንድ ባንድ ስለ መለያየት ሲዘፍን ስለ ፍቅረኛው ይዘፍናል፤ አድማጩም እንዲሁ ይሰማዋል። ሴት ባንድ ስትዘፍነው አድማጩ ሳያስበው አጠገቧ ስለቆሙትም ይሰማዋል፤ የእነሱም ጊዜ የተቆጠረ መሆኑን ኅብረተሰቡ ስላስተማረው። ጣፋጩ ራሱ አላፊ ሆኖ የሚሰማው ለዚህ ነው። ይህ ከቼሪ አበባ የመጣ አይደለም፤ ከመሥሪያ ቤት፣ ከቤተሰብና ከኮንትራት የመጣ ነው።

ባንድ ሲያበቃ ዘፈኑ ምን እንደሚሆንም ሁለት ጉዳዮች ያሳዩናል። በ2010 በቶኪዮ ታቺካዋ የጀመረው አካይ ኮኤን የጊታሪስቷ የማይሳ ትሱኖ ብዕር የፈጠረው ነበር፤ ዘፈኖቹን የምትጽፈው እሷ፣ የሚዘፍኑት ሌሎች ነበሩ። በጥቅምት 2020 በ29 ዓመቷ አረፈች። በቀጣዩ ግንቦት የቀሩት ሦስቱ በናካኖ አዳራሽ የእሷን ዘፈኖች ተጫውተው ባንዱን ዘጉ። በዚያ ምሽት ቃሉን የጻፈችው መድረክ ላይ አልነበረችም፤ ከበሮውና ቤዙ ግን ቃሉን ያዙላት። ፕሪንሰስ ፕሪንሰስ ደግሞ በ1996 በቡዶካን ተሰናብተው ነበር። የ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ሰሜን ምሥራቅ ጃፓንን ሲያወድም፣ አምስቱ በ2012 ለዚያ ዓመት ብቻ ተመልሰው ገቢውን ለተጎጂዎቹ አዋሉት፤ ከዚያ ገንዘብ ከፊሉ በሴንዳይ ከተማ ለተሠራ የሙዚቃ ቤት ዋለ፤ በመጋቢት 2016 ሲከፈት መጥተው ተጫወቱበት። በዚያን ጊዜ ሁሉም ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሴቶች ነበሩ፤ ቶሚታ ያንኑ የሃያዎቹ ዕድሜ ሐዘኗን በዚያው ከበሮ ስታጅብ፣ ከአዳራሹ የሚሰማው አንድ የጠፋ ወንድ ሊሆን አይችልም፤ ያን ሰው ሁሉም ረስቶታል።

በዚህ ረገድ አንድ ትልቅ ጎዶሎ ይታየኛል። እነዚህ ሴቶች በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ አብረው ሲጫወቱ ሰምተናል፤ በዚያ ዕድሜ ስለዚያ ዕድሜ አብረው የጻፉት ግን ገና ጥቂት ነው። መድረኩ ሲጠራቸው የሚጠይቃቸው የሃያ ዓመት ልጅነታቸውን ዘፈን ነው። የስካንዳል አራቱ ሴቶች ሠላሳ ዓመትን ተሻግረዋል፤ የራሳቸውን ግጥም ይጽፋሉ፣ ክብረ ወሰኑ እስከተመዘገበበት እስከ 2023 ድረስም አልተለያዩም። ስለ ምረቃ ሳይሆን ስለ ድካም፣ ስለ ወላጅ እርጅና፣ ሃያ ዓመት አብሮ የሠራ ሰው ስለሚያበሳጭበት ጠባይ የሚዘፍን የሴት ባንድ በቡዶካን ተሰልፎ የሚጠብቀው አድማጭ ይኖረው እንደሆነ በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት የሚታይ ነው፤ መኖሩን እኔ አልጠራጠርም፤ የሚጠራጠሩት ኮንትራት የሚፈርሙት ናቸው።